የሽማግሌው ለቅሶ

በሰሜይ ሜዳ የካዛክ ምራት የባሏን አባት ስም ከአፏ አታወጣም። የዛይራ አማት ደግሞ ታውባይ ይባላሉ፤ «ታው» ማለት ተራራ ነው። ስለዚህ ምስኪኗ ዛይራ ተራራ ማለት አትችልም። ከእግሩ ሥር በሚፈልቀው ምንጭ መንደሩን የሚያጠጣውን ያን ተራራ «ሽማግሌው» ትለዋለች። የአማቷ ሞክሼ ነውና አንቱ ማለቷንም አትዘነጋም።

የዚያን ዕለት ታውባይ የጠፋች ፈረስ ፍለጋ ማልደው ወጡ። ረፈድ ሲል አንድ መኮንን መጣና «ከየቤታችሁ ውጡ፤ ከመሬት በታች ትንሽ የቦምብ ሙከራ አለችን» አለ። ትንሿ ሙከራ ሰዉን ከነተቀመጠበት አንጥራ መለሰችው። ባልዲ ይዛ ምንጭ ልትወርድ የነበረችው ዛይራ ቀና ብትል ያየችውን ማመን አቃታት፤ ወዲያውም አቧራ ጋረደው። እየጮኸች ወደ መንደር ሮጠች።

«ኧረ ሽማግሌው ወደቁ! አናታቸው ገባ! ወገባቸው ተሰነጠቀ!»

መንደሩ በአንድ እግሩ ቆመ። ሴቶቹ ሙሾ አወረዱ፤ በግ ታረደ። የታውባይ እኩያና የዕድሜ ልክ ተሳዳቢያቸው ስማጉል ተነሡ።

«ደግ ነበር! የተጠማ መልሶ አያውቅም!»

የታውባይን ንፍገት የሚያውቁ ለቀስተኞች ሳቃቸውን በእጅጌያቸው አፈኑ።

«ቀጥል እንጂ፣ ምን አስቆመህ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ታውባይ ፈረስ ላይ ነበሩ።

«አንተ ከይሲ! አልሞትክም እንዴ?» አሉ ስማጉል።

«ይቅርታህን፣ ዛሬ አልተመቸኝም። ለመሆኑ ማነው የገደለኝ?»

ሁሉም ወደ ዛይራ ዞረ።

«አባባ፣ እኔ እኮ እርስዎን አላልኩም» አለችና በጣቷ አሳየች።

አቧራው ገለል ብሎ ነበር። የተራራው ጫፍ የለም፤ በቦታው የጎደጎደ ነገር አለ። ሳቁ ቀረ።

ተያይዘው ወደ ምንጩ ወረዱ። ውሃውን ስንጥቅ ውጦታል። የምንጩ ዳር አኻያ ዛፍ ሥሩን ወደ ሰማይ አንጋሎ ተኝቷል፤ ሣሩ ላይ ነጭ አቧራ ተነስንሷል። ታውባይ እጃቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተቱና ደረቅ አፈር ዘግነው አወጡ።

«ስማጉል፣ ያንን ውዳሴህን እስቲ ድገመው» አሉ።

ስማጉል ወደ ተራራው ዞሩ።

«ደግ ነበር። የተጠማ መልሶ አያውቅም።»

አሁን የሳቀ የለም። ዛይራ አማቷ አጠገቧ መቆማቸውን ረስታ «ታው! የኔ ታው!» እያለች አለቀሰች። ታውባይም አልተቆጧትም።