የታችኛው ግራ መንጋጋ

መጀመሪያ የተሰማው ማቃሰት ነው። ከመጠበቂያው ክፍል፣ ከተዘጋው በር ማዶ፣ ወፍራም የወንድ ድምፅ «እህህህ» ይላል፤ ትንሽ ያርፍና ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። መሣሪያ የምትቀቅለው ረዳት ከንፈሯን አጣመመች። ወንዶች ምጥ አያውቁም ያለው ማነው? ለአንድ ጥርስ ይቀመጡበት የለም!

ጥርስ ሐኪሙ ባሏ ነው። በበሽተኛ ፊት ግን «ሲስተር» ነው የሚላት፤ ሚስቱ መሆኗን የሚያውቅ የለም። ማደንዘዣው እስኪይዝ ድረስ ወንበሩ ላይ ለተጋደመው ሁሉ የሚያወራት አንዲት ወሬ አለችው፤ ሚስቱን እንዴት እንዳገኛት። እሷ እዚያው አጠገቡ ቆማ በመምጠጫው ቱቦ የበሽተኛውን ምራቅ ትስባለች። «አፍ ያለው ያግባኝ» ያለችው ሴት ይህን ሰው ብታይ ኖሮ ቃሏን ባጠፈች ነበር።

ያገባችው በእልህ ነው። ከልቧ የወደደችው ሰው ቀጥሯት ቀረ፤ መጀመሪያ የደረሰላትን አገባች፤ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ብቻ ይከነክናታል። ለምን ቀረ? ምን አይቶብኝ ናቀኝ? ይህን እያለች መስታወት ፊት የቆመችውን እሷና መስታወቱ ናቸው የሚያውቁት።

ሲያቃስት የነበረው ሰውዬ ገባ። ግራ ጉንጩ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ዓይኑን ሊውጥ ደርሷል፤ የወለደችው እናቱ እንኳ ብታየው አትለየውም። የእሷም ፊት በጭንብል ተሸፍኗል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ወንድሜ?» አለ ሐኪሙ።

«ኧረ ዶክተር፣ የጥንት ጠላቴ ነው! ሲያሰኘው ይነሳል። አንዴማ በጉብዝናዬ ጊዜ ከአንዲት ልጅ ጋር ተቀጣጥረን፣ ልክ በቀጠሮው ቀን እንዲህ አሳበጠኝ። ሄጄ ነበር እኮ! ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየኋት፤ ጫማ ቤቱ ጋ፣ ከተበላሸው ሰዓት ስር ቆማለች። በዚህ ጉንጭ ቀርቤ መሳቂያ ልሁን? ተመለስኩ። በነጋታው አፈርኩ፣ በሳምንቱም አፈርኩ፣ በዚያው ቀረሁ።»

ረዳቷ የማደንዘዣውን መርፌ ለባሏ አቀበለች።

«አይዞህ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» አለ ሐኪሙ፣ ድዱን እየወጋ። «እኔን አታይም? ሚስቴን እንዴት ያገኘኋት ይመስልሃል? አንዱ ጅል ቀጥሯት ይቀራል። ዝናብ ይጥላል። እኔ ደግሞ ጃንጥላ ይዣለሁ! እህል ውሃ ሲል እንዲህ ነው ወዳጄ፤ ፈጣሪ እኛን ሊያጋባ ብሎ ያንን ጅል ፈጠረው። እዚያ ጫማ ቤት ጋ የቆመ ሰዓት አለ አይደል? እሱ ስር...»

የራሱን ወሬ የሚወድ ሰው የሌላውን አይሰማም፤ ሐኪሙ ምንም አልነቃም። በሽተኛው ግን ነቃ። የሚናገርበት አፍ የለውም፤ ተከፍቶ ደንዝዟል። ዓይኑ ከሐኪሙ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ጭንብሉ ሄደ፤ ከጭንብሉ በላይ ያሉትን ዓይኖች አየ፤ አወቃቸው።

ምን ይላል ብላ ጠበቀች። እጁን አነሣና ጉንጩን ሸፈነ።

ለዚህ ነበር እንግዲህ። ሰማይና ምድር የመከሩበት ትዳሯ፣ በአንዱ ጉንጭና በአንዱ ጃንጥላ የተዋዋለ ኖሯል። አንዱ አሁንም ጉንጩን ይሸፍናል፤ ሌላው አሁንም ያወራል።

መምጠጫውን መስቀያው ላይ ሰቀለችው። ጋዋኗን አውልቃ አጣጠፈችና በሽተኛው ጭን ላይ አኖረችው።

«...ደግሞ ጃንጥላዋ ትንሽ ነበረች፤ ለሁለት ሰው አትበቃም፤ እንግዲህ ተጠጋጋን ማለት ነው! ሲስተር፣ ጉጠቱን አቀብይኝ» አለ ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከመንጋጋው ሳይነቅል፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ። «ሲስተር?»

የውጪው በር ተከፍቶ ተዘጋ።