ጠዋት ጠዋት በኤምባሲው በኩል

የእትዬ ዘርፈሽዋልን ጉርሻ አልጎርስም አልኩ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ሁላችን ከሥራ በምናርፍበት ሰዓት፣ አሰለፈች ቤት፣ ሁሉም ሰው እያየ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ወጡ በጣቶቻቸው መሀል ጠብ ጠብ አለ።

«ምነው ልጄ፣ እጄ ቆሸሸ?»

«ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።»

ምንም አልበላሁም ነበር። ይሄንንም ሁሉም አይቷል።

እትዬ ዘርፈሽዋል ሮም ስገባ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ የተቀበሉኝ፣ የቤት ሠራተኝነት ሥራ ያገኙልኝ፣ የጣልያን ሸሚዝ እንዴት እንደሚተኮስ ያሳዩኝ ሴትዮ ናቸው። የእሳቸውን ጉርሻ የመለሰ ሰው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፋሲካ በኋላ መስኮት ስወለውል ዞረብኝና ወደቅኩ። ወደ ውስጥ ነው የወደቅኩት፣ ተመስገን። አሠሪዬ ሲኞራ ቤት አልነበረችም። ሳልነግራት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዶቶሬው ደሜን አይቶ ስኳር አለብሽ አለኝ። ጣፋጭ ተዪ፣ ፓስታና ዳቦ ቀንሺ፣ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ። ከበጋው በኋላ እናያለን፣ ካልወረደ መርፌ ትጀምሪያለሽ።

መርፌው መድኃኒት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማቀዝቀዣው የሲኞራዋ ነው። ሲኞራዋ ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ ሳል ስለያዛት ነው ያስወጣቻት። ሥራዬ ከሄደ ክፍሌ ይሄዳል፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬም ይሄዳል። ያለ ፔርሜሶ አገር ቤት ነው። በዚህ ዘመን አገር ቤት ማን ይመለሳል? ወታደሮቹ ወንድሜን ከወሰዱት ወዲህ የት እንዳለ እንኳ አናውቅም።

ለማንም አልነገርኩም። የአሰለፈች ሲኞራና የኔዋ እህትማማች ናቸው። የአሰለፈች አፍ ደግሞ አያርፍም። ለክፋት አይደለም፣ ዝም ብሎ ያመልጣታል።

አሎራ፣ እንግዲህ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ሲኞራዋ ሳትነሳ እወጣለሁ። የኖሜንታናን መንገድ ይዤ፣ በኤምባሲያችን አጠገብ አልፌ እስከ ቪላ ቶርሎኒያ፣ መናፈሻውን ዞሬ፣ ዳቦ ገዝቼ እመለሳለሁ። ዳቦው ለእሷ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ትኩስ ዳቦ ታቅፌ ስሄድ ጫፉን ገምጫለሁ። ኋላ በሁለት ከረጢት አስጠቅልዬ በጣቴ አንጠልጥዬ መሄድ ጀመርኩ። ስኳር የሌለው ሻይ የፈላ ቅጠል ነው። ለመድኩት። ቀሚሴ ሰፋኝ።

ያቃተኝ ጉርሻው ነው። ሳህን ላይ ያለውን መቆነጣጠር፣ ማስመሰል ይቻላል። ጉርሻ ግን ዓይን ዓይንሽን እያየ ነው የሚመጣው። የእትዬ ዘርፈሽዋል ደግሞ ጡጫ ያህላል። የሳቸውን ከጎረስኩ የአሰለፈች አለ፣ ቀጥሎ የአብረኸት። ከሁሉም ጎርሼ የተመለስኩ ቀን ውሃ ስጠጣ አድሬያለሁ። ስለዚህ አልጎርስም አልኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስገባ ወሬ ቆመ። ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። አሰለፈች ስለ አየር አውርታ አታውቅም።

«ከሳሽ፣ አማረብሽ» አለችኝ። «ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

«ኤምባሲ ያሉት ቀጭን ነው እንዴ የሚወዱት?»

ማንም አልሳቀም። እትዬ ዘርፈሽዋል ትሪውን ያያሉ። ቀና አላሉም።

ስወጣ አብረኸት ፌርማታው ድረስ ተከተለችኝ። የአስመራ ልጅ ናት፣ ነገር አታዞርም።

«መዓዛ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለነሱ ነው የምትሠሪው?»

«ለነማን?»

«ለኤምባሲው፣ ለመንግሥት ጆሮ ሆነሽ። አሰለፈች አውቶቡስ ላይ ሆና አይታሻለች። በጠዋት፣ ኤምባሲው አጠገብ። ሌላ ቀንም አይታሻለች። ከዛ እኛ ጋ መጥተሽ አትበይም። የማትበላ ሰው ለምን ትመጣለች? ልትሰማ ነዋ።»

ሳቄ መጣ። ከዛ ፊቷን አየሁት። ወንድሟ በረሃ ከታጋዮቹ ጋር ነው፣ እናቷ አስመራ ናት። ሳቄን ዋጥኩት።

«ኤምባሲው መንገዴ ላይ ነው» አልኳት።

«ወዴት የሚወስድ መንገድ?»

አውቶቡሱ መጣ። ተሳፈርኩ።

በማግስቱ ከእግር ጉዞዬ ቀረሁ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ አየሁ። ጉርሻውን ልጎርስ፣ መንገዱን ልተው፣ ሁሉም ይረፍ አልኩ። ከዛ መርፌው ትዝ አለኝ፣ ማቀዝቀዣው ትዝ አለኝ። ቅዳሜ በንዴት ተነሳሁ።

መናፈሻው በር ላይ እትዬ ዘርፈሽዋል ተቀምጠዋል። ካፖርት፣ ከላይ ነጠላ፣ ቦርሳ ጭን ላይ።

«እትዬ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ላይሽ ነው። አሰለፈች ከኤምባሲው ወደዚህ ስታልፊ አይታሻለች፤ ማን ጋ እንደምትገቢ ላይ። ሂጂ፣ እንደ ልማድሽ ሂጂ። እኔ የለሁም በይ።»

ሄድኩ። ተከተሉኝ። መታጠፊያው ላይ ሲያለከልኩ ሰማሁና ቆምኩ።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ዛፍ ትዞሪያለሽ?»

«ዛፍ እዞራለሁ።»

«አብደሻል?»

«ስኳር አለብኝ፣ እትዬ።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን አሹ።

«ታላቅ እህቴ በስኳር ነው እግሯን ያጣችው» አሉ። «ጡጫ የሚያህል እንጀራ አፍሽ ላይ ስደቅን ዝም ትያለሽ? ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?»

«አሰለፈች ከሰማች ሲኞራዬ ትሰማለች።»

«አሰለፈችን ለኔ ተዪልኝ።» ጫማቸውን አጠለቁ። «በይ አንሺኝ። ዙሩ አላለቀም አይደል?»

ሐሙስ አብረን ገባን። እትዬ ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ስሙ። ይቺን ልጅ ጠዋት ጠዋት የማስዞራት እኔ ነኝ። ሐኪም ለጉልበትሽ ተንቀሳቀሺ ብሎኛል። ብቻዬን ውሻ እፈራለሁ። ኤምባሲው መንገድ ላይ ነው፣ ምን እናድርገው? ተሸክመን ገለል እናርገው?»

«ብቻዋን ነው ያየኋት!» አለች አሰለፈች።

«ወደ ኋላ ቀርቼ ነዋ። ጉልበቴን አልኩሽ እኮ።»

«እሺ ለምንድነው የማትበላው?»

«ያንቺ በርበሬ ነው። ጨጓራዋን አቃጠላት።»

«የኔ በርበሬ?!»

«ያንቺ።»

«እኔንም ከባለፈው ጀምሮ ያቃጥለኛል» አለች አብረኸት። በርበሬው ከተነሳ በኋላ የኔ ነገር ተረሳ። አሰለፈች ቆማ እየማለች ነው፣ ያልሳቀ የለም። አብረኸት ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ከዛ ወዲህ እትዬ ጉልበቴ እንዳሉ ቀሩ። በዋሹት ውሸት ታስረው በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ እየተሳደቡ ይዞራሉ። በጋው አለፈ። ሐኪም ጋ የሄድኩ ዕለት ሐሙስ ነበር፣ ከዛው ወደ አሰለፈች ቤት ሄድኩ። እትዬ በሩ ላይ ያዙኝ።

«ምን አለሽ?»

«ወርዷል። መርፌ አያስፈልግም አለ። ግን እንዳታቆሚ አለ።»

ገብተን ተቀመጥን። ከትሪው ዳር ጎመን በጣታቸው ቆንጠር አደረጉ። እንጀራ የለበትም፣ ትንሽ ነው። ዓይን ዓይኔን እያዩ ዘረጉት።

ጎረስኩ።

ሲመሽ እትዬ ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ፌርማታው አመሩ። ክንዳቸውን ያዝኩና ፌርማታውን አልፈን በእግር ወሰድኳቸው።