ቅቤ ጠጣር ነው

መተማ ላይ ቅቤ የሚሸጠው በጠርሙስ ነው። ነጋዴው ዓሊ ከጀሪካን ወደ ኩባያ፣ ከኩባያ ወደ ጠርሙስ ያንቆረቁረዋል፤ ገዢዋ ጠርሙሷን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ጥራቱን ታያለች፣ አፉን በበቆሎ ቆረቆንዳ ትወትፍና አንጠልጥላ ትሄዳለች። በዚያ አገር ቅቤ ይቀዳል፣ ቅቤ ይፈሳል፣ ቅቤ ይደፋል። ቅቤ ተቆረሰ ሲባል የሰማ ልጅ ግን አልነበረም።

የሦስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ደግሞ «ድንጋይ፣ እንጨት፣ ብረት፣ ቅቤ» እያለ ቅቤን ከጠጣሮች ጋር ደርድሮታል። መምህርት መነን በየዓመቱ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ የምታልፍበት ዘዴ ነበራት። «ልጆች፣ ይኼ የመጽሐፍ ቅቤ ነው» ትላለች። «ለፈተና ጠጣር ብላችሁ ጻፉ። የቤታችሁን ቅቤ ግን እንደምታውቁት እወቁት።» ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፣ ገጹ ይገለበጣል። መነን ተወልዳ ያደገችው እዚያው ቆላው ውስጥ፣ ሸሕዲ ነው። ጎንደር ለክረምት ኮርስ በሄደች ጊዜ በቢላ የሚቆረጥ ቅቤ በዓይኗ አይታለች፤ ነገር ግን ለልጆቹ ነግራቸው አታውቅም። ያላዩትን ነገር ቢሰሙት ምን ይሠራላቸዋል ብላ ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ ግን ገጹ አልገለበጥ አለ።

ልጆቹ እንደወትሮው ስቀው ሳያበቁ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ ቆመች። አይናዲስ ትባላለች። ከወሎ ከአባቷ ጋር የመጣችው ባለፈው ሰሊጥ አጨዳ ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ስም ሲጠራ እጇን ከማንሣት በቀር ድምፅዋን የሰማው ሰው አልነበረም።

«ቅቤ'ኮ ጠጣር ነው» አለች።

ልጆቹ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። የአይናዲስ ድምፅ ወፍራም ነበር፤ ማንም እንዲህ ያለ ድምፅ አልጠበቀም።

«እናቴ ክብ አድርጋ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ነበር ገበያ የምትወስደው። ይኼን ያህል።» ሁለት እጆቿን ገጥማ በአየር ላይ አንድ ድቡልቡል ነገር አቀፈች።

«በቅጠል?» አለች አሰበች ከፊት ወንበር ዞራ። አሰበች የክፍሉ አለቃ ናት፤ ምላሷ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ። «ቅቤ በቅጠል? ውሃውንስ በወንፊት ነበር የምትቀዱት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቅጠሎ!» አለ አንዱ። «ቀጣፊት!» አለ ሌላው።

መነን ዝም ልታሰኛቸው አፏን ስትከፍት ሳቅ ከንፈሯን ይዞት ነበር። ለወንፊቱ ነገር ነው የሳቀችው፤ ሌላ ክፋት የለበትም። አይናዲስ ግን ልጆቹን አልነበረም የምታየው። የመምህርቷን ከንፈር ነበር የምታየው። ያቀፈችው ነገር ከእጆቿ መሐል የጠፋ ያህል ክንዶቿ ወረዱና ተቀመጠች።

በማግስቱ አልመጣችም። ዓርብም አልመጣች።

አባቷ ደምለው የእማማ ዋሲላን የጓሮ ጎጆ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ጠዋት መነን ስትሄድ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ መጥረቢያ ሲስል አገኘችው። ሲያያት ብድግ አለ።

«ምነው መምህርት፣ እርስዎ በእግርዎ ድረስ?»

«ልጅቷ ቀረችብኝ።»

«አዎን፣ ቀረች።» ቀና ብሎ አላያትም። «ሰኞ ለምንጣሮ ወደ ሽንፋ ልወርድ ነው። ትምህርቱን ብትወደው ኖሮ ከእማማ ዋሲላ ዘንድ ትቀመጥልኝ ነበር። አልሄድም ካለች ምን ላድርግ፤ ይዣት እወርዳለሁ።»

«ምንጣሮ ጫካ ውስጥ? ለወባው?»

«እና የት ልጣላት?» አለ፤ ወዲያው በንግግሩ አፍሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታዎን። እናቷ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን መንገድ ላይ ነው የቀረችብን። ከዚያ ወዲህ ይቺ ልጅ ለኔ ትናገራለች እንጂ ለሰው አፏን አትከፍትም። ባለፈው ከትምህርት ቤት መጥታ ‘እንደዚያ ያለች እናት አልነበረችሽም አሉኝ’ አለችኝ። እንደዚያ አላችኋት እንዴ?»

መነን ‘አላልናትም’ ለማለት ቃጣት። እውነትም ማንም በቃል እንደዚያ አላለም።

«ስለ ቅቤ ነበር ነገሩ» አለች። «እዚህ ስለማይረጋ ልጆቹ አላመኗትም።»

«ቅቤ ስለማይረጋ?» ደምለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እኔስ ቢሆን አሁን አሁን እጠራጠር ጀምሬያለሁ። ይኼ አገር እንኳን ቅቤ፣ ሰውም ያቀልጣል።»

ከጎጆው ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ጭድ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። መነን ድምፅዋን ወደ በሩ ከፍ አድርጋ «ሰኞ ጠዋት ብቻ ትምጣ» አለች። «ቅቤ እዚሁ መተማ ላይ ረግቶ አሳያቸዋለሁ።»

«በምን በረዶ?»

«እሱን ለኔ ይተዉት።»

«ቅቤው እምቢ ካለስ?»

«እምቢ ካለ ልጆቹ በኔ ይሳቁ።»

ደምለው መጥረቢያውን በአውራ ጣቱ ፈተነ። «እሽ። ጠዋት አምጥቻት፣ ወደ ሽንፋ የሚጭነን ትራክተር ከመነሣቱ በፊት ተመልሼ እመጣለሁ። ካልሆነ ግን ይዣት መሄዴ ነው፣ መምህርት። ሁለት ጊዜ እንዲስቁባት አልፈልግም።»

መነን አፏን ሞልታ ትናገር እንጂ ልቧ አልሞላም ነበር። ዓርብ ዕለት ልጆቹን የየቤታቸውን ዕቃ አስመጥታ፣ ቆርቆሮ ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ያረጀ የወጥ ድስትና አሰበች ከእናቷ ለምና ያመጣችውን አዲስ የሸክላ ማሰሮ ውሃ ሞልታ ጥላ ሥር አስቀምጣ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ጣታቸውን እየነከሩ ዞሩ። የጣሳውና የጠርሙሱ ውሃ ገላ መታጠቢያ ሆኗል። የወጥ ድስቱም ሸክላ ነው፤ ግን ለብ ብሏል። የአዲሱን ማሰሮ ውሃ የነካ ልጅ ግን ሁሉ «ውይ!» እያለ እጁን አወጣ።

«ሁለቱም ሸክላ አይደሉም እንዴ?» ብላ ጠየቀች መነን። «ምን ለያቸው?»

«አዲሱ ያልበዋል፣ እትዬ» አለች አሰበች የማሰሮውን ሆድ ዳብሳ። «ድስቱ ግን ቅባት ጠጥቶ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ አያልበውም።»

«ጎበዝ። ላብሽን ነፋስ ሲያገኘው ምን ይሰማሻል?»

«ይበርደኛል።»

«ለምን ይመስልሻል? ውሃው ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀቱን ከገላሽ ወስዶ ነው የሚሄደው። ማሰሮውም እንደዚያው ነው።»

ይህን ሁሉ ስታስተምር አይናዲስ አልነበረችም። ውሃ ቀዘቀዘ ማለት ደግሞ ቅቤ ይረጋል ማለት አይደለም። ያንኑ ዓርብ ማታ ቤቷ ውስጥ ቅቤ በብርጭቆ አድርጋ ማሰሮው ውስጥ ብትሰቅለው፣ ጠዋት እንደ ዓይን ጠርቶ፣ እየዋለለ ጠበቃት። በርና መስኮት ዘግታ መተኛቷን ያስታወሰችው በኋላ ነው። ነፋስ ከሌለ ላቡ የት ይሄዳል?

እሁድ ሲመሽ ማሰሮውን ከነቅቤው ብርጭቆ ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። ግቢው መሐል የቆመው ትልቁ ኒም ዛፍ ላይ፣ ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ሌሊቱን ሁሉ በሚያገኘው ቅርንጫፍ፣ ማሰሮውን እርጥብ ጆንያ አልብሳ ሰቀለችው። ርዕሰ መምህሩ ቸሩ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ በአጥር በኩል አያት።

«ጓድ መነን፣ ምንድን ነው የምትሰቅይው?»

«ቅቤ።»

«ቅቤ ምን አጥፍቶ ነው የተሰቀለው?»

«ጠጣር ነኝ ብሎ።»

ቸሩ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ዘበኛው አባ ዘሩ ግን እስከ ንጋት ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ ሊረጩበት ቃል ገቡላት። «ለሰው ልጅ መቼ እንዲህ ተደርጎለት ያውቃል» እያሉ ቢያጉረመርሙም አንድም ጊዜ አላለፉትም።

ሰኞ ደወል የሆነው የትራክተር ቸርኬ ሲደወል አይናዲስ ከአባቷ ኋላ ኋላ መጣች። ደምለው እስከ ክፍሉ በር አድርሷት፣ ጓዙን ሊጭን ተመለሰ። እሷ የመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ለመነሣት እንደሚመች ሆና ተቀመጠች።

መነን ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ እጇን ሰደደች። ብርጭቆው ቀዝቅዟል። ሳታየው አንሥታ ልጆቹ ፊት ገለበጠችው።

አንድም ጠብ ያለ ነገር የለም።

ልጆቹ ከየወንበራቸው ተነሡ። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር ነጣ ብሎ፣ ወደ ቢጫ እያደላ፣ እንደ ተኛ ሰው ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

«ሞተ!» አለ አንዱ ትንሽ ልጅ።

«ቅቤ አይደለም፣ ሰም ነው» አለች አሰበች። ቀርባ አሸተተች። ጣቷን አገባች፤ ጣቷ ጎድጓዳ ቦታ ትቶ ወጣ፤ ጎድጓዳውም አልሞላም። ያንን ጎድጓዳ ቦታ ብዙ ጊዜ አየችው። «ቅቤ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ረግቷል እኮ። እንደ እርጎ ረግቷል።»

«ይኼንን ማን ነገረን?» አለች መነን። «መጽሐፉ ነግሮን ነበር፤ እኔ ሳቅሁበት። ከዚያ አይናዲስ ነገረችን፤ አሁንም ሳቅሁ። በዓይኔ ባየሁት ነገር ነው የሳቅሁት።» ወደ ኋላ ወንበር ተመለከተች። «የእናትሽ ቅቤ እንደዚህ ነበር?»

አይናዲስ ተነሥታ መጣች። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት። ብርጭቆውን ተቀብላ አዘነበለችው፤ ፊቷ አልተፈታም።

«ይኼ ገና ለጋ ነው» አለች በዚያ ወፍራም ድምፅዋ። «የእናቴ ጠንካራ ነበር።»

መነን በሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛችበት ቅቤ ያልበቃ መሰላት። ከውጭ የትራክተር ድምፅ ይሰማል፤ ክፍሉ መሞቅ ጀምሯል፤ የቅቤው ጠርዝ ከብርጭቆው እየለቀቀ፣ እያብለጨለጨ ነው።

«ሊቀልጥ ነው!» አለ ትንሹ ልጅ። «እትዬ፣ ተመልሶ ፈሳሽ ሊሆን ነው!»

«ታዲያ ይቅለጥ» አለች አይናዲስ። «ለዚያ አይደል የሚረጋው?»

«ለምን?» አለች አሰበች።

አይናዲስ ጣቶቿን ብርጭቆው ውስጥ ሰድዳ ለውዝ የምታህል ጉማጅ አወጣች። «ሻሽሽን አውልቂ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። ተቀመጭ። ቀና በይ።»

አሰበች በሕይወቷ ታዝዛ የምታውቅ ልጅ አልነበረችም። ሻሿን አውልቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አይናዲስ ከኋላዋ ተንበርክካ የቅቤውን ጉማጅ አናቷ መሐል ላይ፣ በሁለቱ ሹሩባ መለያያ፣ አስቀመጠችው።

«ውይ፣ ቀዘቀዘኝ!»

«ዝም በይ።»

ልጆቹ ከበቧቸው። ወንዶቹ ወንበር ላይ ወጡ። ጉማጁ መጀመሪያ ቁጭ አለ። ከዚያ ጫፉ ጠፋ፤ ከዚያ ዘመም አለ፤ ቀጥሎ አንዲት ጠብታ በመለያያው መንገድ ይዛ ወደ ግንባር ወረደች።

«መጣች!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

አሰበች እጇን ስታነሣ አይናዲስ ያዘቻት። «ኧረ አትነቃነቂ አንቺ! አትንኪው! ራሱ ነው የሚወርደው!» አሁን የምትጮኸው በሙሉ ድምፅዋ ነበር። «ከነካሽው ጸጉርሽ ውስጥ አይገባም። እናቴ እንዲያውም እጄን ከእግሯ ሥር ታደርገው ነበር። ወንዶች፣ ወደዚያ በሉ፣ ጥላ አታድርጉባት!»

መነን ወደ በሩ ስታይ ደምለው ቆሟል። መጥረቢያው ትከሻው ላይ፣ ጓዙ ብብቱ ሥር ነው። ወደ ውስጥ አልገባም። ወደ እሱ ሄደች።

«መምህርት» አለ በሹክሹክታ፣ «ያች የምትቆጣው የኔዋ ናት?»

«የርስዎ ናት።»

ከኋላቸው አሰበች «ዓይኔ ሊገባ ነው!» ስትል አይናዲስ «ጨፍኚያ! እንዴት ዓይነት ሰው ነሽ!» አለቻትና የቀሚሷን እጅጌ ስባ፣ የልጅቷን ግንባር ከቅንድቧ በላይ ቀስ አድርጋ ጠረገችላት። «እናቴም ወደ ዓይኔ ሲወርድ ስታይ ነበር የምትጠርግልኝ፣ አትፍሪ።»

«እናትሽ ምን ትባላለች?» አለች አሰበች፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ታንጉ።»

ደምለው ጓዙን መሬት አስቀመጠ። ከመንገዱ የትራክተሩ ነጂ ጡሩምባ ነፋ፤ ደግሞም ነፋ፤ አንድ ሰው «ደምለው! ኧረ ሰውዬ!» እያለ ተጣራ።

«ይሂድ» አለ ደምለው። «ነገም ትራክተር አለ።» መጥረቢያውን ከትከሻው አውርዶ፣ ጀርባውን ለክፍሉ ግድግዳ ሰጥቶ፣ ከመስኮቱ ሥር ቁጢጥ አለ። «እርስዎ ይግቡ፣ ሥራ አለብዎት። እኔ ትንሽ ልስማት።»