ሁለት በአንድ መኪና

የስፌት መኪና ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ያወቀችው ገና ደፉን ሳትሻገር «እናቴ» ሲላት ነው፤ በዕድሜ ቢበልጣት እንጂ አያንሳትም።

«እናቴ፣ ይሄንን ይመልከቱልኝ» አለና ነጩ መኪና የተሸፈነበትን ጨርቅ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ቀስ አድርጎ ገለጠ። «ይሰፋል፣ ይጠልፋል። ሁለት ሴት ማለት ነው!»

«ሁለት ሴት በአንድ ቆዳ ውስጥ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ታዲያ ሰላም አላቸው?»

ሻጩ እስኪያስለው ሳቀ። «ሰላም ነው እንጂ! አንድ ሰው ይበቃዋል፤ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ይሠራዋል። ጭቅጭቅ የለ፣ ኩርፊያ የለ።»

«እሰይ! እፎይ ልል ነዋ።»

ከኋላዋ የቆመችው እህቷ አልሳቀችም።

እህቷን ሁሉም ሚጢ ይላታል። ስሙ የወጣላት ከእናታቸው ጀርባ ሳትወርድ ነበር። ዛሬ የሥራ ክፍላቸውን በር ጎንበስ ካላለች አታልፍም፤ እሷ አደገች፣ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። ታላቅየዋ ትሰፋለች፤ ሚጢ ትጠልፋለች። የታላቅየዋ መኪና በእግር የሚረገጥ ነው፤ አርጅቶ ክር ይበጥሳል፣ ጨርቅ ያኝካል። ሚጢ ደግሞ ያላት መርፌና እጇ ብቻ ነው። በቅርቡ አንድ ትምህርት ቤት፣ ኪሱ ላይ ዓርማ ያለበትን የተማሪ ሸሚዝ እንዲሠሩለት ከእነሱ ጋር ተስማምቷል። ይህን ሥራ ያ ሽማግሌ መኪናና አንድ ጥንድ እጅ አይወጡትም። ወደዚህ ያመጣቸውም እሱ ነው፤ ወይ ሁለቱንም የሚሠራውን ጥምር መኪና፣ ወይ አንድ መስፊያና አንድ መጥለፊያ ለየብቻ ሊገዙ ነው። ዋጋው ብዙም አይራራቅም።

ሚጢ ጥምሩን አልፋ ወደ ጥግ ሄደች። እዚያ መጥለፍ ብቻ የሚችል መኪና ተቀምጧል። ዞራ ዞራ አየችው። ከዚያ ሁለት እጇን ከሥሩ አስገብታ ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አደረገችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ክብደቱን እያየሁ ነዋ።»

«ልትሸከሚው ነው?»

«አይ እትዬ፣ እንዲያው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ከሰው አፍ ከሚወጡ ቃላት ሁሉ እንደ «እንዲያው» የምትጠላው የለም። ሰው እንዲያው ምንም አያደርግም። እሷ እንዲያው የተቆረጠ ጨርቅ አይታ አታውቅም።

ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ሚጢ በመንገድ ላይ አፏ ተፈታ። «እኔ ለየብቻ ቢሆን እመርጣለሁ። ጥምሩ ሲጠልፍ አይሰፋም፣ ሲሰፋ አይጠልፍም። እኔ ስሠራ አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ ልትቀመጪ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ደግሞ መርፌ ቀይሪ፣ ክር ቀይሪ፣ የመጥለፊያውን ክንድ ግጠሚ፣ ክንዱን ንቀዪ። አንድ ቀን ተበላሽቶ ጥገና ቢገባ ሁለታችንም ሥራ ፈታን። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።»

የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር። ልብስ ሰፊዋን ይበልጥ ያስጠረጠራትም ልክ መሆኑ ነው። ሚጢ ቀሚስ ስትመርጥ እንኳ «ደስ አለኝ» ብላ የምታልፍ ልጅ ናት፤ ምክንያት ደርድራ አታውቅም። ምክንያት የበዛበት ነገር ደግሞ ጥገና እንደበዛበት ሱሪ ነው፤ ከሥሩ የተቀደደ ቦታ አለ።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ልብስ ሰፊዋ ከእናቷ ይህን ተረትና አንድ ትልቅ መቀስ ወርሳለች፤ ሁለቱንም በየቀኑ ትጠቀምባቸዋለች። አሁንም በልቧ ነገሩን ቀደደችው፣ ለካችው። ለየብቻ የተገዛ መኪና ለየብቻ ይወጣል። አንዲት ጠላፊ መኪናዋን አንስታ፣ «እትዬ ደህና ሁኚ» ብላ፣ በሩን ጎንበስ ብላ ልትሄድ ትችላለች። ጥምሩን ግን ማን ይካፈለዋል? ግማሽ መኪና ተሸክሞ የሚሄድ የለም።

በማግስቱ ሚጢ ስልኳ ሲጮህ ወደ ደረጃው ወጣች። ድሮ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ነበር የምታወራው። ልብስ ሰፊዋ መርገጫውን አቆመችና ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«መስኮት አለው? … ጥሩ። … የለም፣ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው የማስገባው። … እሷ? ገና አልነገርኳትም።»

ሚጢ ስትመለስ መኪናው ምንም እንዳልሰማ ሰው ይንቀጫቀጭ ነበር።

«ማን ናት?»

«ጓደኛዬ።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ቤቷም ደህና ነው?»

ሚጢ ቀና ብላ አየቻት። «ቤት ደግሞ ምን ይሆናል እትዬ?»

«እንዲያው ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

የሰማችውን የሆድን በሆድ አድርጋ ያዘችው። ግን አላስቻላትም። ከሰዓት ብቻዋን ወደ ሻጩ ሄደችና «ወስደው ይሞክሩት፣ ካልተስማማዎት ይመልሱት» ያላትን ጥምር መኪና በተሸካሚ አስመጣችው። ሚጢ በሩ ላይ ካርቶኑን ስታይ ፊቷ ጥቂት ጠቆረ።

«ወሰንሽ ማለት ነው?»

«ለሙከራ ነው።»

«ብቻሽን ሄደሽ?»

«አንቺ ስልክሽ በዝቶ።»

መኪናውን የገጠመችው ሚጢ ናት። የመጥለፊያውን ክንድ አስገባች፤ ዓርማውን ከፍላሽ ወደ ትንሿ ስክሪን አመጣች፤ ጨርቁ በክቡ ፍሬም እንዴት እንደሚወጠር አሳየች። ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋ ላይ ቆማ አንዱንም ሳታሳልፍ ጠየቀች። ይሄ ሲነካ ምን ይሆናል? ክሩ ቢበጠስ ከየት ይጀምራል? ነገ ይህች ልጅ ብትሄድ እሷ ዓይኗን ጨፍና ባዶ እጇን ልትቀር ነው? ሚጢ በመጀመሪያ በደንብ መለሰች፣ ከዚያ በአጭሩ፣ ከዚያ ራሷን በመነቅነቅ ብቻ።

«ይሄን ሁሉ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ለማወቅ ነዋ። ማወቅ ክልክል ነው?»

«አይደለም» አለች ሚጢ። «እንኳን ደስ አለሽ።»

እንኳን ደስ አለሽ! ምን ማለቷ ነው? ልብስ ሰፊዋ ቃሏን እንደ ሐሰተኛ ብር ወደ ብርሃን ይዛ ብትገለባብጠው መልኩ አልገባት አለ።

የሁለቱ አሠራር ከጥንትም አንድ ነው። ታላቅየዋ ኪሱን ትቆርጥና ገና ሸሚዙ ላይ ሳይሰፋ ለሚጢ ትሰጣታለች። ሚጢ ጠልፋ ትመልሳለች። ከዚያ ታላቅየዋ በሸሚዙ ደረት ላይ ትሰፋዋለች። አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም። በዚህ ሳምንት ግን ሚጢ የተቆረጡትን ኪሶች ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ወዴት ነው?»

«ጀርባቸው ላይ ወረቀት ልለጥፍላቸው። መኪናው ሲጠልፍ እንዳይሰበሰቡ ነው። ማታ እቤት እሠራዋለሁ።» ቦርሳውን ወንበሩ ላይ አኖረችው። «አሁን አንድ ጉዳይ አለኝ፤ ደርሼ መጣሁ።»

እግሯ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ልብስ ሰፊዋ ቦርሳውን ከፍታዋለች። ኪሶቹ አሉ። ከኪሶቹ ሥር ደግሞ የሚጢ ክሮች፣ ሁልጊዜ መሳቢያው ውስጥ በየቀለማቸው የሚደረደሩት ክሮች፣ አንዱም ሳይቀር ታስረው ተቀምጠዋል። መሳቢያውን ሳበችው። ባዶ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ክር፣ ነገ ኪስ፣ ከነገ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ራሱ!

ኪሶቹን መነተፈቻቸው። ሽው እልም ባለ ፍጥነት አንድ በአንድ ሸሚዞቹ ደረት ላይ ሰፋቻቸው። ያቺ ጭብጥ የምታህል ቁራጭ በቦርሳ ትወጣለች፤ ሙሉ ሸሚዝ ግን በቀላሉ አይሸሽም። የአዲሱ መኪና ድምፅ ለስላሳ ነበር፤ እንደ ሻጩ ምላስ። ሰፍታ ስትጨርስ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣላት። ለምን እሷው አትጠልፋቸውም? ክንዱን ገጠመች፣ ክሩን ቀየረች፣ የሸሚዙን ደረት ከነኪሱ በፍሬሙ ወጠረች፣ ስክሪኑን ነካች። መርፌው ራሱ ሄደ። የትምህርት ቤቱ ዓርማ፣ በመጽሐፍ ላይ የተቀመጠች ወፍ፣ መጀመሪያ እግሯ፣ ቀጥሎ ክንፏ፣ በመጨረሻም ዓይኗ ብቅ አለ። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልጅ አጨበጨበች። ሁለተኛውን አስገባች። ሦስተኛውን። መጥለፍ ይሄ ከሆነ ይሄን ሁሉ ዘመን ያ ሁሉ የሚጢ «ዓይኔ ደከመ» ምን ነበር?

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ሚጢ ተመለሰች። በሩ ሥር ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«ጨረስሽው?»

«ጥቂት ቀረኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

ሚጢ ገባች። ከተቆለሉት ሸሚዞች የላይኛውን አነሳች። ወፏን በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት። «ቆንጆ ወጥታለች» አለች፤ ድምጿ ግን የቀዘቀዘ ነበር። ቀጥላ ጣቶቿን ወደ ኪሱ ሰደደች። ጣቶቿ ገና ከጥፍሮቿ ሳያልፉ ቆሙ። እንደገና ሞከረች።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«ይሄ ኪስ ነው ወይስ ግድግዳ?»

ልብስ ሰፊዋ ሸሚዙን ቀማቻት። እጇን ከተተች። አይገባም። ገለበጠችው፤ ያቺ ቆንጆ ወፍ ከደረቱ ውስጠኛ ጎን በግልባጯ ተቀምጣለች። መኪናው ኪሱንና ደረቱን አንድ ላይ ጠርቅሞ ሰፍቶታል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አየች፤ ሁሉም ተዘግተዋል። ይህን ያህል ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ሴት፣ መርፌ ያገኘውን ሁሉ እንደሚወጋ ረስታ ነበር። መኪናውን እያየች ልቧ ቦርሳው ላይ ነበራ።

«ምን ነካሽ?» አለች ሚጢ። «ሁልጊዜ እኔ ጠልፌ አይደል የምትሰፊው? ለምን ቀድመሽ ሰፋሽው?»

«እንዳትወስጃቸው ነዋ!»

አመለጣት። አንዴ ካመለጠ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው።

«ወዴት?»

«መስኮት ወዳለው ቤት።»

ሚጢ ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች።

«ሰምተሻል ለካ።»

«ጆሮ አለኝ።»

«አዎ፣ ክፍል አይቻለሁ። ዛሬም እሱኑ ለማየት ነበር የሄድኩት። አልዋሽሽም።»

ልብስ ሰፊዋ ሲነገራት ደስ የሚላት መስሏት ነበር፤ ጠርጥራ ልክ መሆኗ። ደስ አላላትም።

«ምን አጎደልኩብሽ?»

«እኔ ነኝ እንጂ የጎደልኩብሽ! ሰውየው አንድ ሰው ይበቃዋል ሲልሽ ‹እሰይ፣ እፎይ ልል ነው› አላልሽም? እኔ እኮ ኋላሽ ቆሜ ነበር። ከዚያ ብቻሽን ሄደሽ ያንኑ መኪና አመጣሽው። ከዚያ ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው እያልሽ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ ቀዳሽ። ዛሬ ደግሞ ለሰዓታት ወጥቼ ስመለስ ሥራዬን ጨርሰሽ ጠበቅሽኝ። ሳታባርሪኝ ልውጣ አልኩ። አንቺ ብትሆኚስ?»

«ያ እኮ ቀልድ ነበር!»

«እኔ ምን አውቄ? አንቺ ቀልዱንም ቁም ነገሩንም በአንድ ፊት ነው የምትናገሪው።»

ልብስ ሰፊዋ ለየብቻ ማለት መለየት ነው ብላ ስትሰጋ፣ ይህች ደግሞ ሁለት በአንድ ማለት አንዷ ትርፍ ናት ብላ ስታለቅስ ከርማለች። አንድ መኪና መሐላቸው አስቀምጠው በሁለት ጎን ሲፈሩት ነበር የሰነበቱት።

ምላጭ አወጡ። አንዷ በአንድ ጫፍ፣ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ተቀምጠው ወፏን ላባ በላባ መንቀል ጀመሩ። ጨርቁ ወንፊት ሆኖ የሚቀርባቸውን ለይተው አስቀመጡ፤ የእነዚያ ደረት እንደ አዲስ መቆረጥ አለበት።

«ይሄ ባለ ሁለት ነፍስ ይመለስ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከምላጯ ቀና ሳትል። «ለየብቻ እንገዛለን።»

«እኔን ለማባበል ከሆነ ይቅር።»

«ለማባበል አይደለም። ሲጠልፍ ዋለና እኔ መርፌ እንኳ መትከያ አጣሁ፤ ያልሽው ልክ ነው።» የነቀለችውን ክር ከጭኗ ላይ አራገፈች። «መጥለፊያው ያንቺ ነው። ብትሄጂም ይዘሽው ትሄጃለሽ።»

«አልሄድም» የሚል ቃል ጠበቀች። ሚጢ ምላጯ ላይ የተጠመጠመውን ክር እፍ አለችውና ሥራዋን ቀጠለች።

አዲሶቹ መኪናዎች ሳምንት ሳይሞላ ገቡ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ክፍሉ ዝናብ እንደሚወርድበት ቆርቆሮ ጣሪያ ይሆናል፤ ለመነጋገር መጮህ ያስፈልጋል። ሚጢ ክሮቿን መሳቢያው ውስጥ መልሳለች። ሁሉንም? ልብስ ሰፊዋ መሳቢያውን ልትከፍት እጇን ዘርግታ ታውቃለች፤ ዘርግታም ሰብስባዋለች።

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ ለማጠፍ እስፒል ስትለቅም፣ ሚጢ ከመኪናዋ ሳትዞር ጮክ ብላ ተናገረች።

«እትዬ፣ ያ ክፍል ተያዘ አሉ።»

ተያዘ? ሰው ቀድሞሽ ነው ወይስ ትተሽው? መቼ ነው የነገሩሽ? ነው ወይስ ደውለሽ ጠይቀሽ? ጥያቄዎቹ ተጋፍተው ምላሷ ጫፍ ደረሱ። እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከንፈሮቿ መሐል ደረደረቻቸው፣ አፏ እስኪሞላ ድረስ፣ ከምትፈልገው በላይ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠርዙን ማጠፍ ጀመረች።

«ሰማሽኝ?» አለች ሚጢ ዞር ብላ። «ምነው ዝም አልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ወደ አፏ አመለከተች።