ጸጥ ያለው ቤት

ልብስ ሰፊዋ ቤት ልትገዛ ስትነሳ እናቷ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ አንድ ቤት እንደገና መማር እችላለሁ» አለቻት። «ከዚያ በኋላ ግን ጉልበቱም ልቡም የለኝም። ስለዚህ የምትገዢው የመጨረሻዬ ይሁን።»

የእናትየዋ ዓይን ማየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። የሚኖሩባትን የኪራይ ቤት በእጇና በጆሮዋ አጥንታ ስለጨረሰች፣ ከአልጋዋ ተነስታ፣ ወጥ ቤት ገብታ፣ ሻይ አፍልታ ስትመለስ ያያት እንግዳ «አታይም» ቢሉት አያምንም። በተለይ ጆሮዋ ጉድ ነው። የአውቶቡስ ሾፌር የሆነው የልጇ ባል ከሥራ ሲገባ ጫማውን አውልቆ፣ ትንፋሹን ውጦ ወደ ዳቦ ማስቀመጫው ሲጠጋ፣ ፊቷን በቀጥታ ወደ እሱ አዙራ «ለጠዋትም አስተርፍ እንጂ!» ትለዋለች። እሱም «እማማ፣ እርስዎ ቤት የገባ ሌባ በረሃብ ነው የሚሞተው» እያለ ይስቃል። ቤቱ ግን የሰው ነው። አከራዩ «ወንድ ልጄን ልድር ነው፣ ልቀቁልኝ» ካለ ሰነባብቷል።

ልብስ ሰፊዋ «እሺ» አለቻት። እሷ እሺ ካለች አለቀ። አንገትጌው በክር ስፋት ተዛነፈ ብላ ያለቀለትን ቀሚስ ተርትራ እንደገና የምትሰፋ ሴት ናት። ደንበኞቿ በዚህ ይማረሩባታል፤ ሌላ ጋ ግን አይሄዱም።

ቤቱን ያገኘላቸውን ደላላ ሰፈርተኛው የሚያውቀው «ቶሎ በሉ» በሚል ስም ነው፤ ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ነውና። ቤቱ ደግሞ እውነትም ቤት ነበር። ለእናቷ የሚሆን ነፋሻ ክፍል አለው፤ ለስፌት መኪናዋ በረንዳው ይበቃል፤ ዋጋውም ጨርሶ የማይቀመስ አይደለም። ነውሩ አንድ ነው። ከጓሮው ግንብ ማዶ፣ ጠባብ መንገድ ብቻ ለይቶት፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ አለ። በአጥሩ ውስጥ ግራጫ ትራንስፎርመሮች ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው ሽቦው እንደተበተነ ልቃቂት ተወሳስቧል።

«እሱን ነው የምትፈሩት?» አለ ቶሎ በሉ። «ቀንና ሌሊት ዘበኛ አለው እኮ! ሌባ የማይደርስበት ሰፈር በነጻ አገኛችሁ ማለት ነው።»

ባሏ ግን ፈራ። «በሽታ ያመጣል ይላል ሰው» አለ። ልብስ ሰፊዋ «ሰው ይላል» የሚባል ነገር አትወድም። በቀጥታ ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ሄዳ ጠየቀች። መሐንዲሱ ካርታውን ዘርግቶ አየና ቤቱ ከተከለከለው ወሰን ውጭ መሆኑን ነገራት። «በዚህ በኩል እኔም ብሆን እገባበታለሁ» አላት። «ድምፁን ከቻላችሁት ማለቴ ነው።»

«የምን ድምፅ?» አለች። ሁለት ጊዜ ሄዳ አይታዋለች፤ ዝንብ ሲበር የሚሰማበት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ጥሩምባ የሚያደነቁረው ባሏ እንኳ እዚያ ቤት ቆሞ «ጆሮዬ አረፈ» ብሏል። መሐንዲሱ ያካብዳል ብላ ወጣች።

ውል ሊፈራረሙ ቀን በተቆረጠበት ሳምንት፣ የስፌት መኪናው አንድ እጅጌ መሃል ላይ ቀጥ አለ። መብራት ጠፋ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«እህቴ፣ ባለቤቱ እዚህ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ አይታችሁ እንድንጨርስ፣ ቶሎ በሉ!»

ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ እንዳለች እዚያው ቀረች። ባለፈው ጊዜም የደወለው መኪናው እንደቆመ ነበር። በመጀመሪያውም ጊዜ እንዲሁ። መብራት ሲጠፋ ለእሷ ሰንበት ነው፤ ሥራ መፍታት ስለማትወድ ቤት ለማየት የሚመቻት ያኔ ብቻ ነው። እንዲያውም ይህ ሰው ሥራዬን አይሻማም፣ ሰዓት ያውቃል ብላ በልቧ መርቃው ነበር። የእሷም ሰፈር ያኛውም ሰፈር መብራት የሚያገኙት ከዚያው ጣቢያ ነው። የእሷ መኪና ሲቆም እነዚያ ትራንስፎርመሮችም ድምፃቸውን አጥፍተው ይተኛሉ ማለት ነው።

ከደላላው ይልቅ የተናደደችው በራሷ ነው። «እመጣለሁ» አለችው፤ መቼ እንደሆነ ግን አልነገረችውም።

መብራቱ የመጣው በማግስቱ ነው። የያዘችውን እጅጌ ወዲያ ወርውራ፣ ጋደም ያለውን ባሏን ቀስቅሳ፣ የእናቷን እጅ ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ለደላላው ደወለችና «በሩን ክፈትልን፣ ቶሎ በል!» አለችው።

ድምፁ ገና ከመታጠፊያው ተቀበላቸው። ጩኸት አይደለም። ሊፈላ ሊፈላ ብሎ እንደማይፈላ ትልቅ ድስት ነው፤ ማቆሚያ የለውም። ቤት ውስጥ ሲገቡ ደግሞ በግድግዳውም በወለሉም ይመጣል።

«ስትደውልልኝ ይኼ የት ነበር?» አለችው ደላላውን።

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? መብራት ሲኖርማ ስልኬን ሰክቼ ነው የምውለው» አለ ቶሎ በሉ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ባሏ ሳቅ አለ። «ይኼማ ምን አለው? የኔ አውቶቡስ ሞተር ከዚህ ይብሳል። እንለምደዋለን። አከራዩ እኮ ደጅ ላይ ቆሞብናል።»

እናትየዋ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ሄዳ የእሷ የተባለው ክፍል ገባችና ወንበር ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ አስቀመጠቻት፣ መስኮቱንም ከፈተችላት። ከዚያ በሩ በደንብ ይገጥም እንደሆነ ልታይ ከመስኮቱ ተመለሰች።

«ጥሩ ክፍል ነው» አለች እናቷ። «ነፋሱም ደስ ይላል። አትጨናነቂ ልጄ፣ ድምፁን እለምደዋለሁ። ግዢው።»

ይህን ሁሉ ያለችው ለመስኮቱ ነው። ልጇ ቆማ ወደነበረችበት ባዶ ቦታ እጇን ዘርግታ፣ ፈገግ ብላ፣ መልስ ትጠብቅ ነበር። ልጇ ከኋላዋ የበሩን እጀታ ይዛ ቆማለች። ባዶ እግሩን ዳቦ ሊሰርቅ የገባ ሰው የማያመልጣት ሴት፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ ክፍሉን ያቋረጠችውን ልጇን አልሰማቻትም።

ልብስ ሰፊዋ ሄዳ የተዘረጋውን እጅ ስትይዘው እናቷ ክው አለች። በራሷ ቤት ደንግጣ አታውቅም።

«አንገዛውም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እለምደዋለሁ አልኩሽ እኮ ልጄ።»

«እኛስ እንለምደዋለን፣ እማዬ። አንቺ ግን እኛን ታጪናለሽ።»

ባሏ መጣና ዝቅ ብሎ፣ አማቱ ስትደነግጥ የጣለችውን ምርኩዝ ከወለሉ ላይ አነሳላት።

«ባለቤቱን አነጋግሬ ትንሽ ላስቀንስላችሁ?» አለ ቶሎ በሉ።

«ቢመርቅበትም አልገባበትም» አለችውና እናቷን ይዛ ወጣች።

መንገድ ላይ ባሏ «አከራዩንስ ምን ልንለው ነው?» አላት።

«የምራቱን የሙሽራ ቀሚስ ማን ሊሰፋላት ነው?» አለችው።

የዚያኑ ዕለት አከራዩን አነጋገረችው። ቀሚሱን እሷ ልትሰፋ፣ እሱም ሌላ ቤት እስክታገኝ ሊታገሳት ተስማሙ። ሙሽራዋ ዳንቴል የበዛበት ነገር አማራት። ዳንቴል ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ልብስ ሰፊዋ ለሙሽራዋ ምርጫ ምስጋና አቀረበች።

አንድ ቀን ያንኑ ዳንቴል እየያያዘች ሳለ መኪናው ቆመ። ስልኳ ጮኸ።

«እህቴ፣ አሁን ደግሞ ከሁሉ ነገር የራቀ ቤት አግኝቼልሻለሁ፤ ቶሎ...»

«መብራት ሲመጣ እንመጣለን» አለችና ዘጋችው።

እናቷ ሰምታለች። ሻርፗን ደርባ፣ ምርኩዟን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠችና ጆሮዋን ወደ ፍሪጁ ጣለች፤ መብራት መጥቶ ፍሪጁ ሲነሳ ከሁሉ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን ትታ፣ በእግሮቿ ጣቶች እየተራመደች፣ ትንፋሿን ይዛ ቀረበቻት።

እናቷ ፊቷን በቀጥታ ወደ እሷ አዞረች።

«ጫማሽን አድርጊ» አለቻት። «መጥቷል።»