የሹፌሩ አዲስ ቴፕ

«ያዘው! ቀዩን ያዘው አልኩህ ጋሼ፣ ብረቱን ከነካ አለቀልን!»

ሽቦ የሚሉት ወጣት በጀርባው ተንጋሎ ራሱን ከዳሽቦርዱ ሥር ከትቷል። ቀጫጭን እግሮቹ በጋቢናው በር ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል። የእህቱ ባል፣ ሹፌሩ፣ እጁን እስኪዘረጋ ቀዩ መስመር ሾልኮ ወረደ፤ ብልጭ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ጋቢናውን ሞላው።

«ምን ሆነሃል? አጠገቤ ቁጭ ብለህ አትሰማም እንዴ?»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ። ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለ ሹፌሩ ዓይኑን እያሻሸ።

ሽቦ የተባለው በሙያው አይደለም። የመኪና ኤሌክትሪክ ከመማሩ በፊት፣ ገና በልጅነቱ ከቅጥነቱ የተነሳ የወጣለት ስም ነው፤ ሙያው ኋላ መጥቶ ከስሙ ጋር ገጠመ። ትምህርት አልሆን ብሎት ሲንከራተት «እኔ ጋ ና» ብሎ ስድስት ዓመት ቤቱ ያኖረው፣ የመጀመሪያዋን ፒንሳም የገዛለት ይኸው የእህቱ ባል ነው። ስለዚህ ሹፌሩ «ቅዳሜ ቤት ና፣ ቴፑንና የመብራት መስመሩን ታድስልኛለህ» ሲለው ለምን ብሎ አልጠየቀም።

መጠየቅ ግን ነበረበት። መኪናው ከትናንት ጀምሮ ፌሮ እንደጫነ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሃያ ቶን ብረት ነው፤ ጫፉ ከጋቢናው የኋላ መስኮት ትይዩ ተደርድሯል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ የሁለት ቀን መንገድ፣ ግማሹ ቁልቁለትና ገደል። እንዲህ ጭኖ፣ ጉዞ ሊነሳ ሰዓታት ሲቀሩት ጋቢናውን የሚያስፈታ ሹፌር ሽቦ በዕድሜው አላየም።

መጀመሪያ የቀድሞውን ሥራ አፈረሰ። እጁን ይቁረጠውና፣ የሠራው ሰው ቴፑን ከሁለቱ ባትሪዎች በአንዱ ላይ ብቻ ቀጥሎት ነበር። እንዲህ ሲሆን አንደኛው ባትሪ ብቻውን ሲገብር ይኖርና አንድ ቀን መንገድ ላይ ይሞታል። ሽቦ ቮልት መቀነሻ ገጠመ፣ ወፍራም መስመር ዘረጋ፣ በየመስመሩ ፊውዝ አስገባ፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ በናስትሮ ጠቀለለ። ሥራ ላይ ቀልድ አያውቅም።

«ስፒከሮቹን በሮቹ ላይ ልግጠማቸው?»

«አይ፣ እዚህ» አለ ሹፌሩ። ከመቀመጫው የራስ መደገፊያ ኋላ፣ ግራና ቀኙን አሳየው።

«ጆሮህን ልትጠብሰው ነው?» ሲል ሽቦ ሳቀ። ሹፌሩ አልሳቀም።

«ደግሞ ድምፁን ልቀንሰው ብል እንኳ እንዳይቀንስልኝ አድርገህ መግጠም ትችላለህ?»

ሽቦ ካቻቪቴውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ምንድን ነው ነገሩ?»

ሹፌሩ በመስኮቱ ወደ ቤቱ አየ። ሚስቱ በረንዳው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታጥባለች።

«ለእህትህ ትንፍሽ እንዳትል።»

«አልልም።»

«እናቴ ትሙት በል።»

«እናቴ ትሙት።»

«እንቅልፍ እየጣለኝ ነው።»

«የማይጥለው ሹፌር አለ እንዴ?»

«እንደሱ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሳ፣ ዓይኑን ሳይከድን እንዳደረ ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ የመንገዱ ግራ ላይ ነኝ። አንድ ሚኒባስ ክላክሱን እያምባረቀ በቀኜ ሾልኮ አመለጠ። የተሳፋሪዎቹ ፊት እስከ ዛሬ ይታየኛል። አንዷ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነበር።»

«ሐኪም ዘንድ ሂዳ!» አለ ሽቦ።

«ሄጄስ? መንጃ ፈቃዴን ሲነጥቁኝ ምን ልሆን ነው? ሃያ ሁለት ዓመት ከመሪ በቀር ምን ጨብጬ አውቃለሁ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የድሮው ቴፕ ሹክሹክታ ስለሆነ ነው። ይኼኛው ቢያምባርቅብኝ አልተኛም። በል ሥራህን ጨርስ።»

ዝም አይነቅዝም፣ አለ ሽቦ በሆዱ። ደግሞስ በእናቱ ምሎ የለ? ካቻቪቴውን አነሳ፤ የድምፁን መቀነሻ ግን እንደነበረ ተወው። ብሎኖቹን ሲያጠብቅ ግን ያቺ ልጇን ያቀፈች ሴት ከፊቱ አልጠፋ አለችው፤ ፈራ። ይህ ሰው መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ስፒከሮቹን የገጠመለት እጅ የማን ነው?

«ምሳ ቀርቧል!» እህቱ እጇን በጉርድ ቀሚሷ እያደረቀች መጣች። «ምንድን ነው የምታንሾካሹኩት?»

«ስለ ባትሪ ነው እታለም።»

«ባትሪ በሹክሹክታ ነው እንዴ የሚወራው? ወይ ጉድ!» ሳቀች። «ቴፕ ያንሰዋል ብለህ ነው? ሌሊት ሲያንኮራፋ ጣራው ሊነሳ ይደርሳል። ከዚያ በመሀል ትንፋሹ ጥርቅም ይላል። ሞተ ብዬ በክርኔ ስጎሽመው እንደገና ይጀምርልኛል።»

ሹፌሩም ሳቀላት። ሽቦ ግን ፊውዝ የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ። ለእሷ የሌሊት ቀልድ ነበር፤ የቀኑን ማንም አልነገራትም።

ሥራው ሲያልቅ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ምሳም ተበልቷል፣ ፀሐዩም በርትቷል።

«በል ቁጭ በልና ሞክረው» አለ ሽቦ፤ «እኔ ታች ሆኜ ባትሪውን ላያው። ቀስ እያልክ ጨምር።»

ወርዶ ከባትሪው ሳጥን አጠገብ ተንበረከከና ቴስተሩን አስነካ። ዘፈኑ ጀመረ። ከፍ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ፤ የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤት ውሻ ማላዘን ጀመረ። የቴስተሩ ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይፎክር ነበር።

«ጋሼ! በቃ፣ ሠርቷል!»

በዚህ ጩኸት ማን ይሰማል፣ ብሎ ጠበቀ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ተተካ። ድምፁ አልቀነሰም። ሽቦ ቴስተሩን ኪሱ ከቶ መወጣጫውን ረግጦ ወጣና በሩን ከፈተ።

ሹፌሩ ሁለት እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ስፒከሮቹ ከጆሮው አንድ ስንዝር አይርቁም። የመስኮቱ መስታወት እየነዘረ ነው። ሰውዬው አይሰማም።

ሽቦ የበሩን እጀታ ይዞ ሰዓቱን አየ፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ።

እህቱ ከበረንዳው ወርዳ ወደ መኪናው እየመጣች ነው። የምትለው ባይሰማም ከእጇ አወራወር ያስታውቃል፤ አጥፉት፣ ሰፈሩን በረበሻችሁት ነው የምትለው።

ሽቦ ጣቱን የቴፑ መቆጣጠሪያ ላይ አሳረፈ። ቢቀንሰው ሰውዬው ባንኖ ይነቃል። ፊቱን በውሃ ነክሮ፣ ሚስቱን ስሞ፣ ሃያ ቶን ብረት ከጀርባው አድርጎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል። ሽቦም ቃሉን የጠበቀ ሰው ይባላል።

ጣቱን አነሳ። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ወረደና አፉን እህቱ ጆሮ ላይ ደቀነ።

«ውጪና እዪው!»

«ማንን?»

«ባልሽን!»

ግራ ገብቷት ፊቱን አየችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ መወጣጫውን ረገጠች። ሽቦ እንዳትወድቅ ክንዷን ደግፎ ከኋላዋ ቆመ፤ ቴፑንም እንዳለ ተወው።