የሼህ አራጌ ጥቁር መነጽር

ፈርሂያ ከጅዳ ስትመለስ ካመጣችው ዕቃ ሁሉ የኮራችበት ለአባቷ የገዛችው ጥቁር መነጽር ነበር። ተራ መነጽር እንዳይመስላችሁ። ጎንና ጎኑ የተሸፈነ፣ እንኳን ፀሐይ አቧራም የማያስገባ፣ የሀብታም መነጽር ነው።

አባቷ ሼህ አራጌ ዓይነ ስውር ናቸው። በጉብዝናቸው ዳፍንት ጀመራቸው፤ ከዚያ የሚያዩት ነገር ከዳር ከዳር እየጠበበ ሄዶ፣ ፈርሂያ ጥርስ ሳታበቅል ጨርሶ ጠፋ። ታዲያ በዚህ በመካነ ሰላም ሰፈራቸው የሱብሂን፣ የንጋቱን ሶላት፣ አዛን የሚያሰሙት እኒሁ ሰው ናቸው። ማንም አይቀሰቅሳቸውም። ስልክ ሳይኖርም፣ ስልክ በየኪሱ ከገባ በኋላም፣ ራሳቸው ነቅተው ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሰው ሲያደንቃቸው፣ “እኔ ቀኑን ባላየው ቀኑ እኔን ያውቀኛል” ይላሉ። ትንሽ ጉራ አለባቸው፤ ደግሞም ይገባቸዋል።

ዓይናቸው ግን ክፍት ሆኖ ይንከራተታል፤ አንድ ቦታ አያርፍም። ፈርሂያ በልጅነቷ ጓደኞቿ ያንን ዓይን አይተው ከደጃፋቸው ሲሸሹ ታስታውሳለች። ሰው ቤት ስትሠራ በኖረችባቸው ዓመታትም ይህ ነገር ከልቧ አልወጣም ነበር። እናም መነጽሩን ገዛች። በዚህም አላበቃችም። አባቷ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየሞቁ መንገደኛ የሚያጫውቱበትን የደጃፍ ድንጋይ አስትታ፣ ወፍራም መጋረጃ ባለው አዲስ ሳሎን ሶፋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ድካማቸው ይብቃ ብላ ነው።

ሼህ አራጌም ደስ አላቸው። ለመኝታ ካልሆነ በቀር መነጽሩ ከፊታቸው አይለይም። ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ “ልጄ ናት ያመጣችልኝ፤ እስቲ ንኩት” ይሉ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እንቅልፋቸው ተዛባ። መጀመሪያ ማታ አልተኛ አሉ። ከዚያ እንቅልፍ ባይናቸው ሳይዞር እየነጋ፣ ቀን ምሳ ከፊታቸው ቀርቦ ያንጎላጁ ጀመር። አንዳንዴ ነገሩ ለጥቂት ቀን ቀና ይላል፤ ተመስገን ሲባል ደግሞ ቀስ እያለ ይንሸራተትና ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል። ፈርሂያ የስልክ ማንቂያ ሞላችላቸው። ስልኩ ሲጮህ፣ “እሺ፣ እሺ” ብለው መልሰው ያሸልባሉ። አንዴ አዛኑን ሳያሰሙ ፀሐይ ወጣች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ነጋ ብለው በእኩለ ሌሊት ሰፈሩን ቀሰቀሱት።

ያን ዕለት ጠዋት ጎረቤታቸው በለጡ እየጮኸች መጣች። በለጡ ለደሴ ተሳፋሪ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ፣ ማተብ አስራ ወላሂ የምትል ሴት ናት፤ ምድጃዋን የምትለኩሰው በሼህ አራጌ አዛን ነው።

“ሼህ አራጌ! ወላሂ ዛሬ ድንጋይ አስሸጡኝ! ሊጡ መቼ ኩፍ አለና!”

ሼህ አራጌ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ከሰመ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በመንደሩ የሚወራውን እሳቸው አልሰሙም። ፈርሂያ ግን ሰማች። የመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሐጅ ፋሩቅ በር ላይ አስቁመዋት፣ “ልጄ፣ እድሜ ነው፤ ማንም አይቀየማቸውም” አሏት። “ግን ረመዳን እየመጣ ነው። የስንቱ ሰው ጾም በሳቸው አዛን ይያዛል። እስከዚያ ካልተስተካከሉ ሌላ ሰው እንተካለን።”

ፈርሂያ አባቷን ታውቃለች። ዓይናቸው ሲጠፋ ያልተሰበሩት ሰውዬ አዛኑን ከተቀሙ አይነሡም። በማግስቱ ወደ ሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ወሰደቻቸው።

“የሞተ ዓይን ምን ይታከማል?” እያሉ ነው የሄዱት።

ሱፍያን የሚባለው የዓይን ነርስ መነጽሩን አወለቀና ባትሪ አበራባቸው። ከዚያ ፈርሂያን ጠርቶ፣ “ብሌናቸውን እዪው” አላት። ብርሃኑ ሲያርፍበት ጥቁሩ ክብ ቀስ ብሎ ጠበበ።

“ያያሉ ማለት ነው?” አለች፤ ልቧ ዘለለ።

“አያዩም። ግን ዓይን ሥራው ማየት ብቻ አይደለም። ከኋላው ባለው ስስ ሽፋን ላይ ብርሃን ተቀብለው፣ ‘ቀን ነው’ ብለው ለአንጎል የሚያደርሱ ሌሎች ጥቂት ሕዋሳት አሉ። ሰውም ፍየልም እንቅልፉን የሚያስተካክለው በነሱ ነው። የአባትሽ የሚያየው ክፍል ሞቷል፤ እነዚህ ግን አሉ። ይህ ወሬ ከተቋረጠበት አንጎል በራሱ ግምት ይሄዳል፤ ግምቱም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይስታል። እንቅልፋቸው ከመቼ ወዲህ ነው የተዛባው?”

ፈርሂያ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠረች። እሷ ከመጣች ወዲህ ነው። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው እንዲህ ላለችው ነው፤ ለዚያውም ያጠፋችው የራሷን አይደለም።

“መነጽሩ ይውለቅ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቀመጡ” አለ ሱፍያን። “ቶሎ አይሆንም፤ ግን ይመለሳል።”

“አላወልቅም” አሉ ሼህ አራጌ። እጃቸውን ዘርግተው መነጽራቸውን ከጠረጴዛው ላይ ዳብሰው አነሱ።

“አባ፣ አዛኑን ይወስዱብዎታል እኮ!”

“ይውሰዱ። ልጄ በስደት ለፍታ የሰጠችኝን አልጥልም።”

ፈርሂያ እንባዋ መጣ። “አባ፣ ሰው ዓይንዎን እንዳያየው ብዬ ነው የገዛሁት። ልጆቹ ይሸሹ ስለነበር ነው።”

“አውቃለሁ” አሉ ረጋ ብለው። “የሚሸሸውን ሁሉ በእግሩ ኮቴ እሰማው ነበር። እኔ አፍሬ አላውቅም፤ አንቺን እንዳላሳፍርሽ ነው ያጠለቅሁት።”

ፈርሂያ መነጽሩን ከእጃቸው ወሰደችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ፣ ከተማውን በዋናው መንገድ አቋርጣ፣ ፊታቸውን ለሰው ሁሉ ገልጣ ወሰደቻቸው። ሰላም ያላትን ሁሉ ቆማ ሰላም አለች።

ሼህ አራጌ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። ፈርሂያ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙራ ታስቀምጣቸዋለች፤ እሳቸውም የመንገደኛውን ወሬ እየለቀሙ ይውላሉ። መነጽሩን በለጡ ወሰደችው። ምድጃዋ ሥር አጥልቃው፣ “ጭሱን ተገላገልኩት፤ ማማሬ ደግሞ ለብቻው!” ትላለች። የሼህ አራጌ እንቅልፍም እንደ ጠፋ ከብት ቀስ እያለ ወደ በረቱ ገባ።

በረመዳን የመጀመሪያ ሌሊት ፈርሂያ ለሱሁር፣ ከጾሙ በፊት ለሚበላው፣ ስትነሳ፣ አባቷ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ማንም አልቀሰቀሳቸውም። በልተው አመስግነው ወጡ። ሐጅ ፋሩቅ ለማንኛውም ብለው ስልካቸውን ይዘው መስጊዱ በር ላይ ቢደርሱ፣ ሼህ አራጌ ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ይጠብቁ ነበር። “ሐጅ፣ ምነው ዘገዩ?” አሏቸው።

ቤት የቀረችው ፈርሂያ ሱሁሯን ጨርሳ የመጨረሻ ውሃዋን ቀዳች። ብርጭቆውን ወደ አፏ ስታስጠጋ የአባቷ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ወጣ፤ ሙሉ፣ የጥንቱ ድምፅ። ሰዓቱን የሚያሳየው ስልኳ አጠገቧ በርቶ ነበር። ዞር ብላም አላየችው። ውሃውን ሳትጎነጭ አስቀመጠች።